ሕግ ካልጣስኩ ምኑ ላይ ነው ጥፋቴ? ብዬ በኢንተርኔት መድረክ ላይ የከፈትኩት የውይይት ክር

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ሳታባብሉኝ መልሱልኝ።

ከሦስት ወር በፊት በአንድ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ እየነዳሁ ነበር። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ 45 ላይ ነበርኩ። ቀን ነው፤ መንገዱም ደረቅ ነው። አልጠጣሁም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ግራና ቀኝ መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል። ከሁለት መኪኖች መሀል አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሮጦ ወጣብኝ። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ልትቆም ጥቂት ሲቀራት ነካችው። ወደቀና የእጁ አንጓ ተሰበረ። ወርጄ አጠገቡ ሆንኩ። አምቡላንስ ጠራሁ። ፖሊስ እስኪመጣ ከቦታው አልተንቀሳቀስኩም።

ፖሊስ አልከሰሰኝም። የመድን ድርጅቴ ግን አሁን ወረቀት ልኮልኛል። ለልጁ ጉዳት ኃላፊነቱን እንቀበላለን፣ እዚህ ጋ ፈርም ይላል። አልፈርምም አልኩ። አንድም ሕግ አልጣስኩም። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጥፋቴ? አገሩን ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የምፈልገው መርሁን ነው።

መልሶቹ

ይህን የለጠፍኩት ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ንዴት ላይ ሆኜ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ 46 መልስ መጣ። የሰዎቹን ጽሑፍ እንዳለ መገልበጥ ስላልፈለግሁ በራሴ አነጋገር ልተርከው። ቁጥሮቹ ግን እንዳሉ ናቸው።

ቁጥር 1 ገና ከመግባቱ አገሩን ጠየቀ። የመኪና አደጋ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ አገር ሳይናገሩ መልስ መጠበቅ የት እንደሚያም ሳይናገሩ መድኃኒት እንደ መጠየቅ ነው አለ። እውነቱን ነው። እኔ ግን ድርቅ አልኩ።

ቁጥር 2 አጽናናኝ። እንኳን ልጁ ተረፈ፣ አንተም አይዞህ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ወደ ወላጆቹ ዞረ። ልጁን መንገድ ላይ የለቀቀ ወላጅ ነው መጠየቅ ያለበት አለ። ቁጥር 3 ይህንኑ ደገመው፤ ስድብ ጨመረበት እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም። ሁለቱም ብዙ ላይክ አገኙ። እኔም ላይክ አድርጌላቸዋለሁ፤ አልክድም።

ቁጥር 4 ጠበቃ ናት። በጨዋ ቋንቋ ነው የገባችው። መጀመሪያ ወንጀልና ካሳ ለየቅል ናቸው አለች። ፖሊስ አለመክሰሱ የሚያሳየው በወንጀል የሚያስጠይቅ በቂ ነገር አለማግኘቱን ብቻ ነው። በወንጀል ጉዳይ ማስረጃው ጥርጣሬ የማያስገባ መሆን አለበት። የካሳ ክርክር ላይ ግን በብዙ አገሮች ዳኛው የሚያየው የማንኛው ወገን ነገር ወደ እውነት ያደላል የሚለውን ነው። ቀጥላ አራት ጥያቄ ደረደረች። ሰውየው የጥንቃቄ ግዴታ ነበረበት ወይ? ግዴታውን አጓደለ ወይ? ጉዳቱ የመጣው በዚያ ጉድለት ነው ወይ? ጉዳቱስ ምን ያህል ነው?

የመጀመሪያው ላይ ክርክር የለም አለች። መሪ የጨበጠ ሁሉ መንገድ ላይ ለሚያገኘው ሰው መጠንቀቅ አለበት። ሙግት ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ መለኪያው የተጻፈው የትራፊክ ደንብ ብቻ አይደለም። አንድ አስተዋይ አሽከርካሪ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ተብሎ ይጠየቃል። የፍጥነት ወሰን ጣሪያ ነው፤ ከጣሪያው በታች ያለ ፍጥነት ሁሉ ለዚያ ቦታ ልክ ነው ማለት አይደለም አለች። ይህቺ የጣሪያ ነገር እስከ ቁጥር 40 ድረስ እየተነሳች ስትወድቅ ነበር።

ቁጥር 5 የመኪና አነዳድ አስተማሪ ነው። ሰውየው ሕግ አላነሳም። ስሌት ይዞ መጣ። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 12.5 ሜትር ነው። ሰው አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬኑን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ስለዚህ ፍሬኑ ገና መያዝ ሳይጀምር መኪናው 12.5 ሜትር ሄዷል። በደረቅ አስፋልትና በደህና ጎማ ለመቆም ሌላ 11 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ 24 ሜትር ገደማ ነው። አሁን ፍጥነቱን 30 እናድርገው አለ። አንዷ ሰከንድ 8 ሜትር ከምናምን ትበላለች፤ ፍሬኑ 5 ሜትር። ድምሩ 13 ሜትር ተኩል አይሞላም። በ45 የሚነዳው ሰው ፍሬኑ መያዝ በሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ በ30 የሚነዳው መኪናውን ሊያቆም አንድ እርምጃ ነው የቀረው። ለምን ቢባል፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን የሚፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው።

ካልኩሌተር አውጥቼ ደግሜ ሠራሁት። ልክ ነው። ደስ አላለኝም።

ቁጥር 6 ስሌቱ አበሳጨው። እንዲህ ከሆነማ ለምን በ10 አንነዳም፣ ለምንስ ገፍተን አንሄድም አለ። ሕግ አስተዋይ እንድንሆን ነው የሚጠይቀን እንጂ ነቢይ እንድንሆን አይደለም። ከቆመ መኪና ኋላ ያለን ልጅ ማን ያያል? ይህ ነጥብ ውሃ ያነሳል። ጠበቃዋም ቁጥር 7 ላይ አላጣጣለችውም። ሰው ድንገት ከተሸፈነ ቦታ ወጥቶባቸው፣ ምንም ሊያደርጉ ስላልቻሉ ነጻ የወጡ አሽከርካሪዎች ብዙ ናቸው አለች። ጥያቄው ልጁን ማየት ይቻል ነበር ወይ አይደለም፤ ልጅ ሊኖር እንደሚችል መገመት ይቻል ነበር ወይ ነው። ከዚያ ከኔ ነገር ጋር የሚቀራረብ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ጠቀሰች።

ጉዳዩ በተከራካሪዎቹ ስም ጃክሰንና መሬይ ይባላል። ቦታው ስኮትላንድ ነው። የ13 ዓመት ልጅ በክረምት ምሽት ከትምህርት ቤት ሚኒባስ ወርዳ፣ ከሚኒባሱ ኋላ ብቅ ብላ መንገዱን ልትሻገር ስትል መኪና ገጫት። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። የመንገዱ ወሰን ደግሞ ከ95 በላይ ነው። ማለት ሰውየው ከወሰኑ በታች ነበር። ግን የቆመውን ሚኒባስ እያየ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጠበቃዋ እንደጻፈችው ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን ኃላፊነት በአሽከርካሪው ላይ ጣለ።

ቁጥር 8 አረማት። አብዛኛውን አይደለም፣ ግማሹን ነው አለ። ታሪኩንም ዘረዘረው። የመጀመሪያው ዳኛ 90 በመቶውን በልጅቷ ላይ ጭኖ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ወደ 70 አወረደው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 50 ለ50 አደረገው። ጠበቃዋ ወዲያው ስህተቷን አምና ጽሑፏን አስተካከለች። በእንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ ይህን ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሦስት ፍርድ ቤት፣ አንድ አደጋ፣ ሦስት ቁጥር። ታዲያ እኔ ከአንድ የመድን ሠራተኛ ትክክለኛ ፍርድ ስጠብቅ የነበረው ከየት አምጥቶ ነው?

ከዚህ በኋላ ክሩ ዓለምን መዞር ጀመረ። ቁጥር 9 ከፈረንሳይ መጣ። እዚያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1985 የወጣ ሕግ አለ። ከ16 ዓመት በታች የሆነ፣ ከ70 በላይ የሆነ ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ያለበት እግረኛ ወይም ብስክሌተኛ፣ የራሱ ስህተት ምንም ይሁን ምን በአካሉ ላይ ለደረሰው ጉዳት ይካሳል። ካሳውን የሚያጣው ጉዳቱን ሆን ብሎ የፈለገ እንደሆነ ብቻ ነው። ቁጥር 10 ደግሞ የኔዘርላንድን አከለ። በሞተር ተሽከርካሪ የተገጨ እግረኛ ወይም ብስክሌተኛ ዕድሜው ከ14 በታች ከሆነ፣ ሆን ብሎ ካላደረገው በቀር ሙሉ ካሳ ያገኛል። አዋቂም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ግማሹን ያገኛል። ምክንያቱ ቀላል ነው አለ፤ አንድ ቶን ተኩል ብረት ይዞ የመጣው ልጁ አይደለም።

ቁጥር 11 አንድ መስመር ብቻ ነበር። ከአጻጻፋቸው ትልቅ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። ከልጁ በፊት ምን አየህ ብለው ጠየቁኝ። ሌላ ቃል የለም። ያላየሁት መስዬ አለፍኩት።

ቁጥር 12 ወደ ጀርመን ወሰደን። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ከሞተር ተሽከርካሪ ጋር በተያያዘ አደጋ ላይ፣ ሆን ብሎ ካላደረገው በቀር አይጠየቅም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የመኪናን ፍጥነትና ርቀት በደንብ መገመት አይችልም ከሚል ነው። የመንገድ ደንባቸውም አሽከርካሪ ልጆች ባሉበት ፍጥነት እንዲቀንስና እግሩን ለፍሬን እንዲያዘጋጅ በግልጽ ያዝዛል። ቁጥር 2 እና 3 ልጁን ለመውቀስ ያቀረቡት ክርክር እዚያ ቢሆን ገና በሩ ላይ ይወድቅ ነበር ብሎ ጨመረ። ቁጥር 3 ስድብ መለሰ።

ቁጥር 13 ሁላችንንም ገሠጸን። አጠገባችሁ ያለውን ሕግ ሳትገልጡ ስለ ፈረንሳይ ትከራከራላችሁ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 እንዲህ ይላል አለ። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። የነዳው ሌላ ሰው ቢሆን፣ ያለ ፈቃድ የነዳው ቢሆን እንኳ። የሚያድነው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ቁጥር 2086 ደግሞ ጥፋት የለብኝም ብሎ ማስረዳት ብቻውን ከኃላፊነት እንደማያወጣ ይናገራል፤ ተጎጂው ራሱ ያጠፋው ካለ ግን ሊያወጣ ወይም ሊያቀልል ይችላል። ሁለት መኪኖች ተጋጭተው እንደሆነ ቁጥር 2084 አለ። ሁለቱም እኩል እንዳደረሱት ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ወገን ግማሽ ግማሹን ይሸከማል። አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ብቻ ይህ ይቀራል። ይህን ሁሉ ከስድሳ ዓመት በፊት ጽፈን ያስቀመጥነው እኛ ነን ብሎ ዘጋ። ድምፁ ኩራትም ቁጣም ነበረበት።

ቁጥር 14 ላይ ቁጥር 6 ተመልሶ መጣ። ቆይ እንጂ፣ ምንም ሳላጠፋ ልከፍል ነው ማለት ነው? ብሎ ጠየቀ። ጠበቃዋ እዚያው ስር አዎ አለችው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ክሩ ውስጥ እኔን የነቀነቀኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። መክፈል አንድ ነገር ነው፤ ማጥፋት ሌላ። አንዳንድ ሕጎች ጭራሽ ጥፋት አይጠይቁም። የሚጠይቁት አደገኛውን ነገር መንገድ ላይ ይዞ የወጣው ማነው፣ ጉዳቱን መሸከም የሚችለውስ ማነው የሚለውን ነው። መድን ግዴታ የሆነውም ለዚሁ ነው። ተነስቼ ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣሁት። ለአንድ ሳምንት ጥፋተኛ ነህ አሉኝ እያልኩ ስናደድ ነበር። ጥፋት የሚል ቃል አንድም ቦታ የለውም። ኃላፊነት ነው የሚለው። ጥፋቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ከ15 እስከ 17 የየራሳቸውን ታሪክ ያወሩ ናቸው። 15 ፊት ለፊቱ የቆመ መኪና መብራት ብልጭ ሲያደርግለት እለፍ ብሎኛል ብሎ ወጣ፤ በሌላኛው መስመር የመጣ መኪና ጎኑን መታው። መብራት ያበራለት ሰው ምንም አልተጠየቀም። የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ መብራት ብልጭ ማድረግ እዚህ ነኝ ከማለት ያለፈ ትርጉም እንዳይሰጠው ይመክራል፤ እሱ ያንን ያወቀው ባምፐሩን ካጣ በኋላ ነው።

16 ለማጅ ናት። ለማጅ ስለሆንኩ ይቀልልኛል ወይ ብላ ጠየቀች። አይቀልልሽም አላት አስተማሪው። እ.ኤ.አ. በ1971 የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት የወሰነውን ነገራት። አንዲት ለማጅ መዞሪያ ላይ መሪውን መመለስ አቅቷት የመብራት ምሰሶ መታች። አጠገቧ የተቀመጠው አስተማሪ ጉልበቱ ተሰበረ። ፍርድ ቤቱ ለማጅም ብትሆን የምትለካው እንደ ማንኛውም ብቁ አሽከርካሪ ነው አለ። መንገድ ላይ ያለ ሰው የሚመጣበት መኪና ውስጥ ያለው ለማጅ ይሁን ልምድ ያለው ሰው ማወቅ አይችልም። አስተማሪውም ግን ግማሹን ተሸከመ፤ መኪናውን አብሮ ይቆጣጠር ስለነበር። ቁጥር 5 ይህን ታሪክ ለተማሪዎቹ ሁሉ እንደሚነግር ጽፏል። ለማስፈራራት ይሁን ካሳ ለመቀነስ ግልጽ አይደለም።

17 ስለ ቀበቶ ነው። በሌላ ሰው ጥፋት ተገጭቶ፣ ቀበቶ ስላላሰረ ካሳው ተቀነሰበት። ተናዶ ነበር የጻፈው። ጠበቃዋ አንድ ነገር አስታወሰችው። በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች በዚህ ምክንያት ካሳ መቀነስን መለኪያ ያበጁለት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ቀበቶው ጉዳቱን ሙሉ በሙሉ ያስቀር ከነበረ 25 በመቶ፣ ያቀልለው ከነበረ 15 በመቶ፣ ለውጥ ከሌለው ምንም። የሚገርመው፣ እዚያ አገር የፊት ወንበር ቀበቶ ማሰር ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ማለት ሰዎቹ አንድም ሕግ ሳይጥሱ ነው ካሳቸው የተቀነሰው። ይህን ስታነብብ የመክፈቻ ጽሑፍህን አስታውስ ብላ ለኔም አከለችልኝ። አስታወስኩት።

ቁጥር 18 ላይ ያ ሽማግሌ ተመልሰው መጡ። ቁጥር 11 ላይ ጥያቄ ነበረኝ፣ አልተመለሰልኝም አሉ። ትሕትናቸው ነው የከበደኝ።

ቁጥር 19 እኔ ነኝ። ኳስ አየሁ ብዬ ጻፍኩ። ከግራ በኩል፣ ከቆሙት መኪኖች መሀል ኳስ ተንከባልላ ወጣች። መንገዱን አቋርጣ ከቀኝ ካለው መኪና ስር ገባች። አየኋት። እግሬን ከነዳጁ ላይ አላነሳሁም። አለፈች ብዬ ነው። ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ልጁ ወጣ። ለፖሊስ አልዋሸሁም፤ ስለ ኳስ የጠየቀኝ የለም። የመድን ድርጅቱ ቅጽ ላይ ግን ከአደጋው በፊት የነበረውን ሁኔታ ግለጽ የሚል ክፍት ቦታ ነበር። የተለየ ነገር የለም ብዬ ሞልቼዋለሁ።

ከዚያማ ተነሱብኝ። ቁጥር 20 ጊዜያችንን አባከንክ አለ። ቁጥር 2፣ ያ ያጽናናኝ ሰው፣ ቁጥር 21 ላይ ተመልሶ ያልኩትን ሁሉ አንስቻለሁ አለ። አስተማሪው ቁጥር 22 ላይ አልተቆጣም፤ ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ኳስ ካየህ ልጅ ከኋላዋ አለ፤ ይህ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰጥ ትምህርት ነው አለ። ከዚያ እንደ ልማዱ አሰላው። ሁለት ሰከንድ በ45 ፍጥነት 25 ሜትር ነው። ለመቆም ከሚያስፈልገው በላይ። ኳሷን ባየሁበት ቅጽበት ፍሬን ይዤ ቢሆን፣ መኪናዋ ልጁ ጋ ሳትደርስ ትቆም ነበር። ቁጥር 23 ባዶ ነው፤ አወያዩ አጥፍቶታል። ምን እንደሚል ሳይጠፋ አይቼዋለሁ፤ ይጥፋ። ከ24 እስከ 28 ብስክሌተኞችና አሽከርካሪዎች የተሰዳደቡበት ስለሆነ እዘለዋለሁ።

ቁጥር 29 ለኔ ተከራከረ። አሁን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ኳሷን ትልቅ ማድረግ ቀላል ነው አለ። በዚያች ሰዓት ግን ኳሷ ዓይኑ ውስጥ ከገቡት መቶ ነገሮች አንዷ ናት። ሕግም ቢሆን በድንገተኛ አደጋ ውስጥ የገባ ሰው የተሳሳተ ምርጫ ቢያደርግ ይራራለታል። ጠበቃዋ ቁጥር 30 ላይ ይህንንም መዘነችው። ርኅራኄው እውነት ነው፤ ግን አጣዳፊው ነገር ከመጣ በኋላ ላለው ምርጫ ነው። ኳሷ ስትወጣ ገና አጣዳፊ ነገር አልነበረም፤ ማስጠንቀቂያ ነው የነበረው። በሌላ በኩል ኳስ አየ ማለት መቶ በመቶ እሱ ነው ማለት እንዳልሆነ ተናገረች። ልጁም ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ግን የሚለካው ከዘጠኝ ዓመት ልጅ በሚጠበቅ ጥንቃቄ ነው፣ በአዋቂ አይደለም። ከዚያ ሁለት ምክር ሰጠችኝ። የራስህን ጠበቃ ያዝ፤ ቅጹን ዛሬውኑ አስተካክል። መድን ድርጅት ቅጽ ላይ የተደበቀ ነገር በኋላ ከሌላ ምስክር ከመጣ፣ ካሳውን ከፍሎ ወደ አንተ ሊዞር የሚችልበት አገር ብዙ ነው።

31 ሌላ በር ከፈተ። ልጁን ገጭተህ እናቱን ይቅርታ ብለሃታል ወይ አለኝ። ብያታለሁ። አበቃልህ፣ አመንክ ማለት ነው አለ 32። ይህ ነገር ብዙ ሰው አፍ ላይ አለ፤ አደጋ ካደረስክ አፍህን ዝጋ ይባላል። 33 ይህን ለመስበር ሁለት ሕግ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት ይቅርታን የሚመለከት ሕግ አወጣ፤ ይቅርታ መጠየቅ ጥፋትን እንደ ማመን አይቆጠርም ይላል። በዚያው ዓመት የወጣው የእንግሊዝ የካሳ ሕግም ይቅርታ ብቻውን ቸልተኝነትን ማመን እንዳልሆነ ይደነግጋል። 34 እነዚህ ሁለቱ ናቸው፣ በየአገሩ እንዲህ ነው ብላችሁ ሰው እንዳታስበሉ አለ። ልክ ነው።

35 እናት ናት። ልጇ ከዓመታት በፊት ተገጭቶ ነበር። ካሳው ተከፍሎ አልቋል፤ መጠኑን እንኳ ረስታዋለች። ገጪው አንድም ቀን መጥቶ ልጁ እንዴት ነው አለማለቱን ግን አልረሳችም። ጠበቃው ነው አትሂድ ያለው ይባላል አለች። ለዚህ ማንም መልስ አልጻፈም። እኔም አልጻፍኩም። በማግስቱ ግን የልጁን ቤት ስልክ ደወልኩ። ጄሶው ተፈትቶለታል፤ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። እናቱ በቁጥብነት ነው ያናገረችኝ፤ አመሰገነችኝና ዘጋች።

ከ36 እስከ 38 ወሬው ሄደ። አንዱ እየነዳ የደም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ስለሳተ የከባድ መኪና ሾፌር አነሳ። ሰውየው በሽታው እንዳለበት አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ቸልተኛ አይደለም ብሎ ለቀቀው፤ መኪናው የገባበት ሱቅ ባለቤቶች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሌላው ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ለአካል ጉዳት መካሰስን ትታ መንግሥት ራሱ እንደሚክስ ነገረን። ሦስተኛው ስለ ራሱ ነጂ መኪና ጠየቀ። ሹፌር ከሌለ ጥንቃቄው የማን ነው? የሚመልስ ሰው አልተገኘም፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ መጀመሪያ መድን ሰጪው ይክፈል፣ ከዚያ ከፋብሪካው ጋር ይከራከር ማለቷን ብቻ አንድ ሰው ጣል አድርጎ አለፈ።

39 አወያዩ ነው፤ ወደ ርዕሱ ተመለሱ አለ። 40 ላይ ቁጥር 6 ለመጨረሻ ጊዜ መጣ። ጣሪያ ጣሪያ አትበሉኝ አለ። ወሰን ማለት ወሰን ነው፤ 50 ብሎ ጽፎ 45 የነዳውን መጠየቅ ወጥመድ ነው። ኳሷ ባትኖር ኖሮ አሁንም ከእሱ ጋር ነበርኩ ብዬ መለስኩለት። ኳሷ ባትኖር ኖሮ አንተ ጥያቄውን አትጠይቅም ነበር አለኝ። ይህን እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

ቁጥር 41 ሽማግሌው ናቸው። ለብዙ ዓመታት የትራፊክ አደጋ መርማሪ ሆነው ሠርተዋል። ለዚህ ነው የጠየቁኝ። ቃሉን የሚሰጥ አሽከርካሪ ሁሉ ታሪኩን የሚጀምረው ልጁ ከወጣበት ሰከንድ ነው ብለው ጻፉ። እሳቸው ሁልጊዜ የሚጠይቁት ከዚያ በፊት ስላሉት አምስት ሰከንዶች ነበር። ውሸታም ነህ አላሉኝም። የኔ ጽሑፍ ውስጥ መንገዱ፣ ፍጥነቱ፣ ስልኩ፣ የአየሩ ሁኔታ ሁሉ ተዘርዝሮ፣ የቆሙት መኪኖች ላይ ደርሶ ድንገት ስለሚቋረጥ ነው የተጠራጠርኩት አሉ። መለስ ብዬ አነበብኩት። ይቋረጣል።

ቁጥር 42 እኔ ነኝ። ጠበቃ ይዤ ሁለት ገጽ የማስተካከያ ደብዳቤ መጻፌን፣ ኳሷንም መጨመሬን፣ ወረቀቱን ፈርሜ መላኬን ተናገርኩ። ድርሻው ስንት በመቶ እንደሚሆን ገና አልተነገረኝም። ሰባ ምናምን ይሆናል ብዬ ገምቻለሁ። ቁጥር 8 ግምት አያዋጣም፣ ሦስቱን ፍርድ ቤት አስታውስ አለኝ።

ቀሪዎቹ ስለ ዳሽ ካሜራ ናቸው። 43 ካሜራ ቢኖርህ ይህ ሁሉ ክርክር አይኖርም ነበር አለ። 44 ካሜራ ቢኖረው ኳሷም ትቀረጽ ነበር አለ። 45 ሳቀ። 46 ከርዕሱ ጋር ባይገናኝም ብሎ ጀምሮ፣ የፊት ጎማው ውስጥ ውስጡን ብቻ ለምን እንደሚበላ ጠየቀ። እስካሁን ማንም አልመለሰለትም።